ደሴ ላይ ሦስቱን የዓሣ ገንዳ ያገናኙልን ባለሙያዎች

ዘንድሮ ለቤተሰብ ጥየቃ ወሎ ስገባ ከሆቴልና ከመኪና ኪራይ ይልቅ የፈለግኩት የእጅ ባለሙያ ነበር። አክስቴ ደሴ አራዳ አካባቢ ካፌ አላቸው። በግድግዳው ሥር ሦስት የመስታወት የዓሣ ገንዳ ደርድረዋል። ምኞታቸው ጎልድፊሾቹ ከዳር እስከ ዳር የሚዋኙበት አንድ ረጅም ገንዳ ነው። ላሠራላቸው ቃል ገባሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት መስታወት ቤት ቁመቱንም ውፍረቱንም ሳይጠይቅ "ችግር የለውም" አለ። የጎን መስታወቶቹን አውጥቶ ገንዳዎቹን በሲሊኮን ሊያጣብቃቸው ነው። ከውጭ መምጣቴን ሲሰማ ደግሞ ዋጋውን ሰቀለው። ሐሳቡ አላማረኝም። አንዱ ገንዳ 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። እስከ አፉ ሲሞላ 200 ሊትር ይይዛል። የሦስቱ ውሃ ብቻውን 600 ኪሎ ነው። የጎኑ መስታወት ከወጣ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር የለም። አዲስ ሲሊኮን ደግሞ በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይያዝም።

ሁለተኛው መስታወት ሠሪ ካፌው ድረስ መጣ። ሜትሩን ዘረጋ፣ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ "እትዬ፣ ይሄን ከቆረጥኩት አንድ ሌሊት ቤቱን ውሃ ያጥለቀልቅብዎታል። አልሠራውም። ግን አብሽሩ፣ ዓሣው የሚሻገርበት ድልድይ እሠራልዎታለሁ" አላቸው። ሥራ አልፈልግም ብሎ ሳይሆን ሥራውን ስለሚያውቅ ነው እምቢ ያለው። በጣም አከበርኩት።

እያንዳንዱ ድልድይ ከመስታወት የተሠራ፣ ልክ እንደ "በ" ፊደል ያለ ነው። ሁለት እግሮቹ በሁለት ጎረቤት ገንዳዎች ውሃ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። አፋቸው ክፍት ነው። በውስጡ ያለውን አየር በቀጭን ቱቦ ሲስቡት ውሃው ሽቅብ ወጥቶ ድልድዩን ይሞላዋል። የውጭው የአየር ግፊት ደግፎ ያቆየዋል። ፓምፕ ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋም ውሃው አይወርድም። አንዱ ገንዳ ቢያፈስ እንኳ ከሌላው የሚሄደው እስከ እግሩ አፍ ድረስ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ከታች በቧንቧ ቢያያዙ ኖሮ አንዱ ሲያፈስ ሁሉም ተከታትለው ይጎድሉ ነበር።

ሲሊኮኑን ከኮምቦልቻ አመጣሁ። ለመታጠቢያ ቤት ከሚሸጠው ብዙው የሻጋታ መከላከያ አለበት፤ እሱ ለዓሣ መርዝ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ሳይሰለች አብሮኝ ጽሑፉን አነበበ። እሱንም አመሰግናለሁ።

ባለሙያው የመስታወቱን ጠርዝ በአልኮል ጠረገ። ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጠፈ። ሲሊኮኑን ሳያቋርጥ በአንድ መስመር ሳበው፣ በጣቱ አለሰለሰው፣ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ላጠው። ሱቁ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። በማግስቱ ልወስደው ብል "ሳምንት ሳይሞላው ውሃ አታስነካው" ብሎ ከለከለኝ።

የገንዳዎቹን መቆሚያ ያሠራሁበት ብየዳ ቤት ግን አሳዝኖኛል። "ነገ ና" እያለ አመላለሰኝ። ከቱቦላሬ የሠራው መቆሚያ ጠንካራ ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ውሃ ልክ የሚባለው የዝንባሌ መለኪያ ሲቀመጥበት አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ድልድዮቹ የሦስቱንም ገንዳ ውሃ እኩል ስለሚያደርጉት፣ መቆሚያው ካዘነበለ ዝቅ ያለው ገንዳ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። አስተካክል ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። በመጨረሻ ያስተካከለው መስታወት ሠሪው ነው። እግሮቹ ሥር ላሜራ ሸጎጠ፣ ከገንዳዎቹ በታችም ፎም አነጠፈ።

ውሃውን በበርሜል አሳድረን ነው የሞላነው፤ ክሎሪኑ እንዲወጣለት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በየገንዳው የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የሚሆን በባትሪ የሚሠራም ይዤ መጥቼ ነበር። አረፋው ግን ከድልድዩ አፍ መራቅ አለበት፤ አለዚያ አየር ገብቶ ውሃውን ያወርደዋል። ብርዱ ለጎልድፊሽ አያሰጋም። አንድ ደንበኛ "ከሐይቅ ቆሮሶ አምጥታችሁ ለምን አትጨምሩም?" ብሎ ነበር። አይሆንም፤ ቆሮሶ ያድጋል፣ ትንንሾቹንም ያሳድዳል።

መስታወት ሠሪው ከተስማማንበት ሳንቲም አልጨመረም። በቴሌብር ከፈልኩት። በኋላም ሳይጠራ መጥቶ የተጠራቀመውን አየር በቱቦ ሳበ፣ አሠራሩንም ለካፌው ልጆች አሳያቸው። ብረት የምታሠሩ ግን ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ብየዳ ቤት ለኩት።