ለዊንዶውስ 7፦ ተጭኖበት የሚሸጠው ፍላሽ ወይስ ባዶው?

አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ፒያሳ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ፍላሽ አለ፤ ልግዛው?» ይቅርባችሁ። ባዶ 8 ጊጋ ገዝታችሁ ራሳችሁ አዘጋጁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባዶው በላይ የምትጨምሩት ብር ለቅጂው ነው፤ ቅጂው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተነካካ፣ አክቲቬተር (ያለ ቁልፍ ዊንዶውሱን የሚያስከፍት ፕሮግራም) የተጨመረበትና አፕዴቱ የተዘጋ ነው። ቫይረስ ይዞ ከመጣ ለፎርማት ሌላ ብር ታወጣላችሁ። ራስ ሲዘጋጅ ወጪው ፍላሹና 3 ጊጋ የሚሆን ፋይል ማውረጃ ብቻ ነው፤ በሌሊት ፓኬጅ ከወረደ ደግሞ ይቀንሳል። ከላፕቶፑ ሥር ያለው ስቲከር ላይ የተጻፈው የዊንዶውስ ቁልፍ (25 ፊደልና ቁጥር) ካልተፋቀ ለቁልፍም አትከፍሉም። ስቲከሩ ሆም ፕሪሚየም ካለ ግን የምትጭኑትም እሱኑ ይሁን፤ ቁልፉ አልቲሜት በሚባለው ሌላ ዓይነት ላይ አይሠራም።

«64 ጊጋ በ8 ዋጋ» ካሏችሁ እለፉት። ፌኩ ፍላሽ የሌለውን መጠን ያሳያል፤ ከእውነተኛው ልኩ ሲያልፍ «ተገልብጧል» ይላል እንጂ ፋይሉ የለም። ኤችቱ ቴስት ደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፋችሁ አስነብቡት፤ ሻጩ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ካላለ አትግዙ። የተበላሸ ፍላሽ አንዱ ምልክት ዊንዶውሱ ሲጫን ፋይሎቹ እየተዘረገፉ መሃል ላይ ቆሞ በ80070570 የሚያልቅ ስህተት ማምጣቱ ነው።

ለዩኤስቢ 3.0 ፍላሽ ተጨማሪ ብር አታውጡ። የዊንዶውስ 7 መጫኛ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የለውም፤ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት «የሲዲ ድራይቨር ጠፍቷል» ብሎ ሊቆም ይችላል። ሲዲው ምንም አላጠፋም። ካንስል ብላችሁ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ፣ ፍላሹን ወደ ጥቁሩ ቀዳዳ አዛውሩና ኢንስቶል ናውን ድገሙ። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኢንቴል 6ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ከሆነ ግን ኪቦርዱም ማውሱም ሊሞት ስለሚችል በ7 አትድከሙ፤ ዊንዶውስ 10 ጫኑበት።

ፍላሹን መጫኛ የምታደርጉበት ፕሮግራም ሩፈስ ነው፤ እሱ ላይ ኤምቢአር፣ ባዮስ፣ ፋት 32 ምረጡ። ፍላሹ ላይ በተረፈው ቦታ የዋይፋይና የኢንተርኔት ኬብል ድራይቨር፣ እንዲሁም ክሮም 109ን (ለ7 የመጨረሻው ነው) አስቀምጡ፤ ድራይቨሩ ከሌለ ዊንዶውሱን ከጫናችሁ በኋላ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ስለሆነ ወደ ባንክ ሒሳባችሁ አትግቡበት።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ፓርቲሽኑን (ዊንዶውሱ የሚጫንበትን የዲስክ ክፍል) አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ነው።