ፓኪያውን አይቼ የገዛሁት ጓንትና ዛሬ የማጠልቀው

የምመዝነው 52 ኪሎ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ቦክስ ጓንት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር 80 እና 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስለሆነ ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚሰነዝር፣ በአንድ ዙር ውስጥ እጁ ለማያርፍ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ዊኒንግ የሚባለውን የጃፓን ጓንት፣ 14 አውንሱን፣ በገመድ የሚታሰረውን፣ ይኸው 11 ወር ተጠቀምኩበት። በሳምንት አራት ቀን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ጓንት ሌላ ዓይነት ነበር፣ እሱን የገዛሁት ደግሞ በፊሊፒናዊው ቦክሰኛ በማኒ ፓኪያው ምክንያት ነው። ፓኪያው እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮፌሽናል ሆኖ ሲጀምር 48 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1998 ቻትቻይ ሳሳኩልን በ8ኛው ዙር ዘርሮ በ50.8 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ክብደት እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ በስምንት የክብደት ምድብ የሻምፒዮን ቀበቶ ወሰደ፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። በዚህ ሁሉ ጉዞ ብዙ ጊዜ ያጠለቀው ክሌቶ ሬየስ የተባለውን የሜክሲኮ ጓንት ነው። ውስጡ የፈረስ ፀጉር አለው። ጠንከር ይላል፣ ቀጠን ይላል፣ ቡጢው ሲያርፍ ተቀባዩ በደንብ ይሰማዋል። ለዚህ ነው የመቺ ጓንት የሚሉት።

እኔም በዚያው አሠራር የተሠራ፣ ሬየስ ያልሆነ፣ አንድ ጓንት ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ደስ ይሉ ነበር። ለመምቻ የሚሰቀለው ከረጢት ላይ ሲያርፍ ያለው ድምፅ ልብ ያሞቃል። በአራተኛው ወር ግን ከቀኝ ትንሿ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ፋሻውን አጠበቅኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓንቱን ጫን ጫን አድርጌ ስነካው የጣቶቼ አንጓዎች የሚያርፉበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ኖሯል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ስድስት ሳምንት ምንም እንዳልመታ ታዘዝኩ። በዚያ ስድስት ሳምንት ውስጥ ነው የቀላል ክብደት ቦክሰኞችን ውጊያ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን እጃቸውን።

ጃፓናዊውን ቦክሰኛ ናኦያ ኢኖዌን ውሰዱ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2014 (በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር ማለት ነው) ኦማር ናርቫዬዝን በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ኢኖዌ ያኔ ስምንተኛ ውጊያው ነበር፣ ናርቫዬዝ ደግሞ በሙያው ዘመን ሁሉ ማንም ዘርሮት የማያውቅ አንጋፋ። ቡጢው ከብዶባቸው የናርቫዬዝ ሰዎች በኢኖዌ ጓንት ውስጥ የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብለው ይታይልን አሉ። የኢኖዌ አባት፣ አሰልጣኙም እሱ ነው፣ ጓንቱን አውልቆ አሳያቸው። ከእጁ በስተቀር ምንም አልነበረም። ይህን ታሪክ ሁሉም ያወራዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያነሳም፦ ያ ቀኝ እጅ ራሱ ተጎድቶ ኢኖዌ ለአንድ ዓመት ያህል ሪንግ ውስጥ አልገባም። የ21 ዓመት ልጅ፣ በሁለት ምድብ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ቁጭ አለ። አጥንቱ ትንሽ ነው፣ የሚያወጣው ኃይል ግን አጥንቱን አይጠይቅም።

ሌላው ብዛቱ ነው። በከባድ ሚዛን አንድ ጥሩ ቡጢ ነገሩን ይጨርሰዋል። በቀላሎቹ ምድቦች ግን ቡጢው ይዘንባል። ሮማን ጎንዛሌዝና ሁዋን ፍራንሲስኮ ኤስትራዳ በ2021 ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ሁለቱ አንድ ላይ ከ2,500 በላይ ቡጢ ሰንዝረዋል፣ በ12 ዙር! ያ የውጊያው ምሽት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በልምምድ ስንት ሺህ እንደሚሆን አስቡት። ቦክሰኛ እጁን የሚጨርሰው በአብዛኛው ልምምድ ላይ ነው፣ ልምምድ ላይ ደግሞ የምታጠልቀውን የምትመርጠው አንተ ነህ።

ወደ ዊኒንግ ልመለስ። ሲያጠልቁት መጀመሪያ የሚሰማው ነገር ልስላሴው ነው። የድሮውን ጓንት ለማለማመድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር፣ ይሄ ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው የተስማማኝ። ውስጡ በንብርብር የተሠራ ስፖንጅ ነው፣ ከረጢቱን በሙሉ ኃይሌ ስመታ አንጓዬ ላይ የሚደርሰው ግፊት እንጂ ግጭት አይደለም። የእጅ ማስገቢያው ጠበብ ያለ ስለሆነ ትንሿ እጄ ውስጡ አትንቀዋለልም፤ ይህን በብዙ ጓንት አጥቼዋለሁ። አውራ ጣቱ ትክክለኛ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ከ11 ወር በኋላም ጫን ጫን ሳደርገው የሳሳ ቦታ አላገኘሁበትም። እጄም አላመመኝም፣ አንድ ቀን እንኳ።

ስፓሪንግ ላይ፣ ማለትም ከሰው ጋር በምንለማመደው ፍልሚያ ላይ ደግሞ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከእኔ በላይ ወዶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የእሱም ፊት ይድናል።

እዚህ ላይ ነው ደካማ ጎኑም ያለው፣ ይህንንም ፓኪያው ነው ያስተማረኝ። በ2005 ከኤሪክ ሞራሌስ ጋር ሲገናኝ በውሉ ምክንያት የለመደውን ሬየስ ትቶ ዊኒንግ እንዲያጠልቅ ተገደደ። በነጥብ ተሸነፈ። አሰልጣኙ ፍሬዲ ሮች በጓንቱ ጉዳይ በጣም አማርሮ ነበር። በጃንዋሪ 2006 ሬየሱን አጥልቆ ተመለሰና ሞራሌስን በ10ኛው ዙር አስቆመው። እኔ ሽንፈቱን ሁሉ ጓንቱ ላይ አልጥልም፣ ያን ቀን ፓኪያው ዓይኑ አካባቢ ተሰንጥቆ ደም ሲያስቸግረው ነበር፣ ሞራሌስም ግሩም ውጊያ ነው የተዋጋው። ግን ልዩነቱን ሁለቱን ያጠለቀ ሰው ያውቀዋል። ዊኒንግ ቡጢን ያለዝባል። ለውጊያ ቀን የሚፈልገው ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ ለልምምድ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ሌሎች ነገሮችም አሉ። ገመዱን ብቻህን ማሰር አትችልም። በጥርስህ ልትታገል ትችላለህ፣ ሁለተኛው እጅ ላይ ስትደርስ ግን ያበቃል። ብቻህን የምትሠራ ከሆነ በቬልክሮ፣ በሚጣበቀው ማሰሪያ፣ የሚታሰረውን ፈልግ፣ የእጅ አንጓህን እንደ ገመዱ ጥብቅ አድርጎ ባይዘውም። መልኩም ጎላ ጎላ ያለ ነው፣ 14 አውንሱ 400 ግራም ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ እኔን ለሚያህል ሰው መጀመሪያ ላይ ትከሻ ያደክማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመድኩት። 16 አውንሱን ግን ከ60 ኪሎ በታች ላለ ሰው አልመክርም፣ ፍጥነታችን እኮ ነው ያለን ሀብት።

ፎርጅዱ ብዙ ነው። በጣም ብዙ። ዋጋው ከሌሎቹ በእጅጉ ረክሶ ካያችሁት እጃችሁን ሰብስቡ። ከተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት ዋናውን ያለው ሰው ዘንድ ሄዳችሁ አጥልቃችሁ ሞክሩት፤ ልስላሴውን አንዴ ካወቃችሁት አትታለሉም። ከልምምድ በኋላ አፉን ከፍታችሁ ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ ቦርሳ ውስጥ አትተዉት።

በሳምንት አንዴ ላብ ለማውጣት ብቻ ከረጢት የምትመቱ ከሆነ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልጋችሁም፣ ማንኛውም ደህና ስፖንጅ ያለው ጓንት ይበቃችኋል። ስፓሪንግ የምታደርጉ፣ ክብደታችሁም የእኔን የሚያህል ከሆነ ግን ቆጥባችሁም ቢሆን ግዙት።

የድሮውን አልጣልኩትም። ዊኒንግ አሰልጣኙ እጁ ላይ አድርጎ የሚያስመታው ፓድ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ታፈን ያለ ነው፣ አሰልጣኜ ያን አይወድም፣ በትክክል መምታቴን በጆሮው ነው የሚለየው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሁለት ዙር ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ የፈረስ ፀጉሩን አጠልቃለሁ።