አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል፦ ዋናውን ሊግ ተዉት፣ ጨዋታው ያለው ታች ነው

ጆይስቲክ ይዤ ኳስ እመታለሁ ብሎ ይህን ጌም የሚገዛ ሰው ብሩን አቃጠለ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ውስጥ ኳስ አትወረውሩም፣ ዱላም አትጨብጡም። የሚሰጣችሁ ቢሮ ነው። የክለቡ ጄኔራል ማናጀር ሆናችሁ ተጫዋች ትመለምላላችሁ፣ ትለዋወጣላችሁ፣ በጀት ትመድባላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጨዋታውን አስልቶ ውጤቱን ያመጣላችኋል። ከፈለጋችሁ እንደ አሰልጣኝ ገብታችሁ ጨዋታውን እየተከታተላችሁ ማዘዝም ይቻላል፣ እኔ ግን ትዕግሥቱ የለኝም። ፉትቦል ማናጀር የተጫወተ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ ቁጥሩ ይበዛል፣ ምክንያቱም ቤዝቦል ላይ እያንዳንዷ ውርወራ ለብቻዋ ትመዘገባለች።

ጌሙን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ማርከስ ሃይንዞን የሚባል ጀርመናዊ ነው (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኳስ እንጂ ቤዝቦል በማይታወቅበት አገር ተቀምጦ ነው የሠራው። ስለዚህ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ብንጫወተው ማንም አይገረም። ከ2015 ጀምሮ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካው ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ፈቃድ አለው፣ እውነተኞቹ ክለቦችና ተጫዋቾች እነስማቸው ገብተዋል። ስለዚያ ግን ሌላ ሰው ይጻፍ። የኒውዮርኩን ሀብታም ክለብ ያንኪስን ይዞ ውድ ውድ ተጫዋች መሰብሰብ ለእኔ ምንም አይጥመኝም። ይህ ጌም ገንዘቡ የሚገባው ሆኖ ያገኘሁት ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን የማይነር ሊግ ልጆች ማደን ስጀምር ነው፣ የምጽፈውም ስለዚያ ብቻ ነው።

ማይነር ሊግን ለማታውቁ፦ እኛ ጋ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ጎበዝ ከሆነ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያድጋል። ቤዝቦል ላይ ክለብ አያድግም፣ የሚያድገው ተጫዋቹ ነው። 30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አራት ቡድን አላቸው፤ ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ሲንግል ኤ ይባላሉ። ከ2021 ጀምሮ በድምሩ 120 ናቸው፣ ከዚያ በፊት 160 ገደማ ነበሩ። ከእነሱም በታች የጀማሪዎች ሊግ አለ። ዋናው ቡድን የሚይዘው 26 ሰው፣ ክለቡ ቆልፎ የሚጠብቀው ዝርዝር ደግሞ 40 ሰው ነው። የቀረው ሁሉ ታች ተበትኖ ይኖራል። ጌሙም ይህን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ፣ እነጠባዩና እነጉዳቱ ይዞላችኋል።

አሁን ወደ ምልመላው። ጌሙ የተጫዋቹን እውነተኛ ችሎታ አያሳያችሁም። የሚያሳያችሁ መልማያችሁ ያሰበውን ነው። መልማዩ ደግሞ ሰው ነው፣ የራሱ አመል አለው። አንዱ ገና ያልበሰለ ግን ጉልበትና ፍጥነት ያለው ልጅ ሲያይ ይወዳል፣ ሌላው ዛሬ መጫወት የሚችለውን ያስበልጣል። አማተሮችን በመመዘን የተካነው ማይነር ሊግ ላይ ዓይኑ ደካማ ሊሆን ይችላል። የምልመላ በጀታችሁንም ለአራት ትከፍሉታላችሁ፦ ለሜጀር፣ ለማይነር፣ ለውጭ አገር ልጆችና ለአማተር። አብዛኛው ሰው አማተሩ ላይ ያፈሳል፣ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ልጆችን ተራ በተራ የሚመርጡበት) ስለሚያጓጓ። እኔ ማይነሩ ላይ ነው የማፈሰው። ሌላው ክለብ ሦስት አራት ዓመት አብልቶ አሠልጥኖ የረሳውን ልጅ መውሰድ እየተቻለ ለምን ከዜሮ እጀምራለሁ?

ከራሳችሁ መልማይ ጎን ለሁሉም ክለብ እኩል የሚታይ የጋራ ግምገማ አለ፣ ኦኤስኤ ይሉታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ጥሩ ነው ያሉትን ልጅ ማንም በቀላሉ አይሰጣችሁም። ሁለቱም አይረባም ካሉትም ብዙ ጊዜ አይረባም። የሚጣፍጠው ሲጣሉ ነው። መልማያችሁ ከፍ አድርጎት ኦኤስኤ ዝቅ ካደረገው ወደ ስታቲስቲክሱ ሂዱና ማን እንደሚዋሽ ቁጥሩን ጠይቁ። ሪፖርቱ የተጻፈበትን ቀንም እዩ፣ የቆየ ሪፖርት የትናንት ጋዜጣ ነው።

ቁጥር ሲባል ግን የትኛው ቁጥር? መጀመሪያ ዕድሜና ደረጃ። 25 ዓመት ሞልቶት ሃይ ኤ ላይ ሕፃናትን የሚቀጠቅጥ መቺ አያታልላችሁ። 19 ዓመቱ ሆኖ ደብል ኤ ላይ መካከለኛ የሆነው ልጅ ይሻላል፣ የሚጫወተው ከታላላቆቹ ጋር ነዋ። ወርዋሪ ከሆነ ስንት ዓይነት ውርወራ እንዳለው ተመልከቱ። ሁለት ብቻ ከሆነ ጨዋታውን ከመጀመሪያው የሚወረውር ሆኖ አይዘልቅም፣ ተቀይሮ የሚገባ ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ሥራ ነው። ጠባዩ ላይ የሥራ ትጋቱ ዝቅተኛ የሚል ካያችሁ፣ ጌሙ ለችሎታው የሚሰጠው ኮከብ ቢደረደርም ቀስ በሉ። ሌላው የሚዘነጋው ግራና ቀኝ ነው፤ በጥቅሉ አንድ ኮከብ ተኩል የተሰጠው መቺ ግራኝ ወርዋሪ ሲመጣበት ብቻ አውሬ የሚሆን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋው ሳንቲም ነው፣ ከተቀያሪዎች መካከል ሲቀመጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሜዳውን አንብቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። አየር ሲሳሳ የተመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ የሚጠማዘዝ ውርወራም እንደ ልብ አይጠማዘዝም። አሜሪካኖቹ ዴንቨር ላይ ይህን ያህል የሚያወሩት ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው። ከዴንቨሩ ክለብ ሥር ያለው የትሪፕል ኤ ቡድን የሚጫወትበት አልበከርኪም እንደዚያው ነው። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ቁጭ ብለን 1,600ን ከፍታ ሲሉ እንሰማለን! ጌሙ ይህን በየሜዳው ቁጥር ይዞታል። 1.000 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በላይ ለመቺ ያደላል፣ ሆም ራንም (ከሜዳ የሚወጣው ምት) ሌላውም ምት ለየብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚወረውር ልጅ ሳያጠፋ ስሙ ይጠፋል፣ እዚያው የሚመታው ደግሞ ሳይለፋ ይነግሣል። ስትራይክአውት (መቺውን ሳያስመቱ ማስወጣት) እና ዎክ (በተሳሳተ ውርወራ መቺውን በነፃ ማሳለፍ) ግን ጌሙ ውስጥ ሜዳው አይነካቸውም። ብዙ ስትራይክአውት፣ ጥቂት ዎክ፣ ከፍተኛ ኢአርኤ (ወርዋሪው በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ ሲያንስ ይሻላል)፣ ከፍታ ያለው ሜዳ። አራቱ አንድ ላይ ከተገኙ ልጁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠይቁ። ኳሱን መሬት ለመሬት የሚያስመታ ዓይነት ከሆነማ ወርቅ ነው።

እኛ ሰፈር የከፈትነው ሊግ የፈጠራ ነው፣ ጌሙ ክለቡንም ሜዳውንም እንደፈለጋችሁ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። ክለቦቹ የከተማው ዳር ዳሩ ናቸው፦ ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ። የሜዳውን ቁጥር በከፍታቸው ልክ ሞላነው፣ ሱሉልታ ላይ ሆም ራኑ ያለቅጥ ነው፣ አቃቂ ላይ ይረጋጋል። ሱሉልታን የያዙት የሊጉ ኮሚሽነር፣ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ፣ ሒሳብ ሹም ናቸው። በሥራቸው ሳንቲም የማያልፋቸው ሰው ናቸው፣ ጌሙ ላይ ግን የሚያዩት ኢአርኤ ብቻ ነበር። አንድ አጥቂ ስንለዋወጥ... አጥቂ አልኩ፣ የኳስ ልማድ ነው፣ መቺ ማለቴ ነው። መቺ ስንለዋወጥ በቴሌግራም እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ሒሳቡ እንዲመጣጠን ያንን ደብል ኤ ላይ ያለውን ግራኝ ወርዋሪ ይጨምሩልኝ።»

«ውሰደው ልጄ፣» አሉኝ። «ኢአርኤው 6 አልፏል፣ እኔ ልሸኘው ስል ነበር።»

ልጁ 23 ዓመቱ ነበር። ኦኤስኤ አንድ ኮከብ ሰጥቶታል። ስትራይክአውቱ ከዎኩ አራት እጥፍ ነው፣ ሦስት ውርወራ አለው፣ ሦስተኛው ግን ለስሙ ያህል ነው። እኔ የያዝኩት አቃቂ ደብል ኤ ላይ አስቀመጥኩት፣ ያው ልጅ ያው ክንድ ኢአርኤው በግማሽ ወረደ። ኮከብ ሆነ ብዬ አልዋሽም። በሁለተኛው ዓመት ዋናው ቡድን ገብቶ ግራኝ መቺ ሲመጣ ብቻ የሚጠራ ሆነ፣ በኋላ ክርኑን ተጎዳና ከዚያ ወዲያ ውርወራው አልተመለሰም። ከእንዲህ ዓይነት ልጆች አብዛኞቹ የትም አይደርሱም፣ ጌሙም በዚህ አያዝንላችሁም። ደስታው ግን እሱ አይደለም። ኮሚሽነሩ ያን ሰሞን ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ ሌባ» ይሉኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ የሱሉልታን ወርዋሪ ማንም ለመደመሪያ አይሰጥም። ሊጉ ተማረ። ስለዚህ እኔም ሌላ ቀዳዳ ፍለጋ ገባሁ።

ሌላው ቀዳዳ ሩል 5 ድራፍት ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ልጅ አምስት የውድድር ዘመን፣ በ19 ወይም ከዚያ በኋላ የፈረመው አራት ካለፈውና ክለቡ 40ው ዝርዝር ውስጥ ካላስገባው፣ ሌላ ክለብ በ100,000 ዶላር ይወስደዋል። ጣጣው፣ የወሰደው ክለብ ዓመቱን ሙሉ ዋናው ቡድን ውስጥ ሊይዘው ግድ ነው፣ አለዚያ መልሶ ያቀርበዋል። በእውነተኛው ቤዝቦል ጆሃን ሳንታና በ1999 በዚህ በር ነው ያለፈው። ከሂዩስተን ተወሰደና በዚያው ቀን ወደ ሚኒሶታ ተሻገረ፣ በ2004 እና በ2006 የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚወስደውን የሳይ ያንግ ሽልማት በላ። ማይክ ፒያዛ ደግሞ በ1988 በመደበኛው ድራፍት የተመረጠው 62ኛ ዙር ላይ ነው፣ ከእሱ በፊት 1,389 ሰው ተጠርቷል፣ ያውም አባቱ የመረጠው ክለብ፣ የዶጀርስ፣ አሰልጣኝ ወዳጅ ስለነበሩ። በ2016 ሆል ኦፍ ፌም፣ የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ፣ ገባ። ሆሴ አልቱቬ ደግሞ አጭር ነህ ተብሎ ከሙከራው ቦታ ሊመለስ ነበር፣ በማግስቱ ተመልሶ መጣ፣ በ2007 ሂዩስተን በ15,000 ዶላር አስፈረመው፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ጌሙ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያመጣ ተረት የማይመስለው ለዚህ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሰው ተስማሚነቱን ልናገር። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ቢሆን ችግር የለም፣ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም፣ የሜዳውን ምስል አጥፍታችሁ በሰንጠረዥ ብቻ መጫወት ትችላላችሁ። ሊጉ ሲበዛ ግን ቀኑን ለማስላት ይቆያል፣ የታች ሊጎችን ቁጥር መቀነስ ይረዳል። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይፈልግም። የጋራ ሊግ የሚሠራው በፋይል ነው፦ ኮሚሽነሩ ቀኑን ያስኬዱና ትልቁን የሊግ ፋይል ይለቃሉ፣ እናንተ አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ ውሳኔያችሁን ትጨርሱና ትንሽ ፋይል ትልካላችሁ። እኛ ትልቁን ፋይል በፍላሽ ነው የምንቀባበለው፣ ዳታ ለምን ይበላል። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ያዋጣችኋል፤ ዴስክቶፕ ያላችሁ ግን አውቶሴቩን ቶሎ ቶሎ እንዲያስቀምጥ አድርጉት።

የሚከብደው ቋንቋውና ጅማሬው ነው። አማርኛ የለውም፣ የቤዝቦል እንግሊዝኛ ደግሞ ለብቻው ሌላ እንግሊዝኛ ነው። ጀማሪን እጁን ይዞ የሚመራ ጌምም አይደለም፣ ስትከፍቱት ቁጥር ይደፋባችኋል። የሰፈር ልጅ ፕሌስቴሽን ቤት ለምዶ ከመጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያዛጋል፣ አትፍረዱበት። ቁጥር የሚወድ፣ ማታ ማታ ሻይ ይዞ ቁጭ የሚል፣ ሰው ያልፈለገውን ነገር አግኝቶ መኩራራት የሚወድ ሰው ግን ይህን ጌም ከከፈተ ወዲያ እንቅልፉን ይሰናበት።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይታሰብ። በብር አይሸጥም፣ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። አዲሱ ስሪት አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት አካባቢ ይወጣል፣ ሊወጣ ሲል የዓመቱ ስሪት ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል፣ ለምልመላ ደግሞ ያለፈው ዓመት ስሪት ምንም አያንስም። ከጓደኛ ጋር ሊግ ልትከፍቱ ካሰባችሁ ግን አንድ ዓይነት ስሪት ግዙ፣ የተለያየ ከሆነ ፋይሉ አይከፈትም። ገብታችሁ መጀመሪያ የምልመላውን ትክክለኛነት ኖርማል ወይም ሎው ላይ አድርጉት። መቶ በመቶ ካደረጋችሁት መልማዩን ማባረር ትችላላችሁ፣ ሥራ የለውም።