ኮምፖዝ፦ የኒውትሮን ኮከብ ሰንጠረዦች ለኳርክ ቁስ ምን ያህል ያግዛሉ?

ኮምፖዝ መዶን በሚገኘው የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ የሚስተናገድ ነጻ የመረጃ ቋት ነው። በኒውትሮን ኮከብ ውስጥ ያለ ቁስ በየእፍግታው ምን ያህል ግፊትና ኢነርጂ እንዳለው የሚያሳዩ የተዘጋጁ ሰንጠረዦችን ያቀርባል። መመሪያው በ2013 ወጣ፣ በ2022 ታደሰ። ለኳርክ ቁስ (ፕሮቶንና ኒውትሮን ፈርሰው የተሠሩባቸው ኳርኮች ነጻ የወጡበት ቁስ) ስሌት ከዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅም። የቀለም ሱፐርኮንዳክቲቪቲን፣ ማለትም ኳርኮች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጣመሩበትን ሁኔታ፣ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት ቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይተርፈዋል።

ዋናዎቹ ፋይሎች አራት ናቸው። ኢኦኤስ.ቲ ሙቀቱን፣ ኢኦኤስ.ኤንቢ የባሪዮን (እንደ ፕሮቶንና ኒውትሮን ሦስት ኳርክ የያዘ ቅንጣት) እፍግታውን፣ ኢኦኤስ.ዋይኪው የቻርጅ ድርሻውን ይይዛሉ፤ ውጤቱ ያለው ኢኦኤስ.ቴርሞ ውስጥ ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ነው። 4ኛው አምድ ግፊት ይመስላል፣ ግን ግፊት ሲካፈል ለባሪዮን እፍግታ ነው፤ ስለዚህ መልሶ ማባዛት ያስፈልጋል። 6ኛው አምድ ደግሞ የባሪዮን ኬሚካላዊ ፖቴንሻል (አንድ ባሪዮን ለመጨመር የሚያስፈልገው ኢነርጂ) ለኒውትሮን መጠነ ቁስ ተካፍሎ 1 የተቀነሰበት ነው። እዚያ 0.277 ካለ፣ 1 ጨምረን በኒውትሮኑ መጠነ ቁስ በ939.565 ስናባዛ 1200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል፤ ለ3 ሲካፈል የኳርኩ ፖቴንሻል 400 ይሆናል። 1 መጨመሩን የረሳ ሰው 87 ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በዜሮ ሙቀትና በቤታ ሚዛን (ቅንጣቶቹ በደካማው ኃይል እርስ በርስ እየተለወጡ በተመጣጠኑበት ሁኔታ) ላይ ባለ ሰንጠረዥ፣ 4ኛው አምድ ለ939.565 ተካፍሎ 10ኛው ሲደመርበት 6ኛውን መስጠት አለበት። (የኒውትሮኑ መጠነ ቁስ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስላለ የዚያን ሰንጠረዥ ቁጥር ይጠቀሙ።) ካልገጠመ አምዶቹን አሳስተው አንብበዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኳርኮቹ ጥንድ መሆን እንምጣ። አንድ ሰንጠረዥ የኳርክ ምዕራፍ (ቁሱ ኳርክ የሆነበት ክፍል) ስላለው ብቻ ጥንዶቹን ያካትታል ማለት አይደለም። የሞዴሉን መግለጫ ያንብቡ፤ ጋፕ (አንድን ጥንድ ለመስበር የሚጠይቀው ኢነርጂ መለኪያ) ከሌለበት በእጅ መጨመር ይቻላል፣ ካለበት ግን ደግሞ መጨመር አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። ሦስቱም ጣዕሞች (የኳርክ ዓይነቶች) እና ሦስቱም ቀለሞች (የኳርክ የጠንካራ ኃይል ቻርጆች) በሚጣመሩበት የቀለም-ጣዕም ቁልፍ ምዕራፍ፣ የግፊቱ ጭማሪ 3 × ዴልታ² × ሚዩ² ÷ ፓይ² ነው። ዴልታ (ጋፑ) 100፣ ሚዩ (የኳርኩ ፖቴንሻል) 400 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን በፌምቶሜትር ኩብ 63 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ 4ኛ ሥሩ 145 የሆነ የባግ ቋሚ (ኳርኮችን ነጻ ማውጣት የሚያስከፍለው የኢነርጂ እፍግታ) የሚቀንሰው ግፊት ከ57 ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባግ ግፊትን ቀንሶ በዚያው ልክ ኢነርጂን ይጨምራል። የጥንዶቹ ጭማሪ እንደዚያ አይደለም፤ ጋፑ ቋሚ ከሆነ ግፊቱም ኢነርጂውም እኩል 63 ይጨምራሉ፣ የባሪዮን እፍግታውም በፌምቶሜትር ኩብ በ0.105 ገደማ ከፍ ይላል። ግፊቱን ብቻ ጨምሮ እፍግታውን እንደነበረ የተወ ሰው ከላይ ያልነውን መፈተኛ አያልፍም። ከሦስቱ ጣዕሞች ከባዱ የሆነው የእንግዳው (ስትሬንጅ) ኳርክ መጠነ ቁስም አይረሳ። 150 ቢሆን 36 ያህል ግፊት ይበላል፤ የጥንዶቹን ጥቅም ከግማሽ በላይ ወሰደው ማለት ነው። መጠነ ቁሱ የጋፑ እጥፍ ሲሆን ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ይጣፋሉ። ከኮከብ መጠነ ቁስና ሬዲየስ ብቻ ተነስቶ ጋፕን መለየት የሚያስቸግረው አንዱም በዚህ ነው።

ከቋቱ ጋር የሚመጣው የፎርትራን ፕሮግራም በሦስት ተግባራት ይሠራል፦ የሚፈለጉትን መጠኖች መምረጥ፣ ነጥቦቹንና የኢንተርፖሌሽን (በነጥቦች መካከል ያለውን ዋጋ የመገመት) ደረጃውን መወሰን፣ ከዚያ ኢኦኤስ.ቴብልን ማውጣት። ኢነርጂው በአንዴ በሚዘልበት የምዕራፍ ለውጥ አካባቢ ደረጃ 1ን ይምረጡ። ደረጃ 3 ዝላዩን ለማለስለስ ሲሞክር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ የድምፅ ፍጥነት ካሬው ኔጌቲቭ ሆኖ ሊወጣም ይችላል።

ሱፐርፍሉይድነትን (ያለ ሰበቃ መፍሰስን) ከቴርሞው ፋይል አይጠብቁ። የቀለም-ጣዕም ቁልፍ ምዕራፍ የባሪዮን ቁጥር ሲሜትሪን ስለሚሰብር ሱፐርፍሉይድ ነው፤ ሁለት ጣዕም ብቻ የሚጣመርበት ግን አይሰብርም። ይህ ልዩነት ኮከቡ ሲሽከረከር አዙሪቶች ይፈጠራሉ ወይስ አይፈጠሩም የሚለውን ይወስናል፣ በግፊት አምድ ላይ ግን አይታይም። ኢኦኤስ.ማይክሮ የተባለው አማራጭ ፋይል ለጋፕ ቦታ አለው፤ የሞዴሉ አቅራቢ ካላስገባው ባዶ ነው። ቪስኮሲቲንና የኒውትሪኖ ልቀትን ለብቻ ማስላት ግድ ይላል።