ቴስታ ሳይከፍቱ የሞተር ሳይክሌን ሙቀት ላበረዱልኝ የድሬዳዋ መካኒክ ምስጋናዬ ይድረስ

በድሬዳዋና በሐረር መስመር ትልልቅ ሞተር ሳይክል ለምታሽከረክሩ ሁሉ፦ ሞተራችሁ እየጋለ አስቸግሯችሁ "ቴስታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) ይከፈት" ከተባላችሁ፣ ቁልፉን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ከዚራ ሰፈር ያሉትን አንድ አዛውንት መካኒክ አማክሩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። "የሰፈሩ ባጃጅ ይበቃኛል፣ ሰው አታምጣብኝ" ነው ያሉኝ። ስማቸውን ባልጽፍም ሰው ማምጣቴ ግን አይቀርም፤ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ፊት ለፊት እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የእኔ ሞተር ሳይክል ሆንዳ ፓን ዩሮፒያን 1100 ነው። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦልኝ ነው ወደ ድሬ ያመጣሁት። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለ ነው። አራት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ፣ 1084 ሲሲ፣ ሰንሰለት የሌለው፣ 28 ሊትር ነዳጅ ከመቀመጫው ሥር የሚይዝ፣ ነዳጁ ሲሞላ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ነገር ነው። ረጅም መንገድ ላይ እንዲህ የሚያሳርፍ ተሽከርካሪ አላየሁም። ቆላው ላይ ቀጥ ባለው መንገድ በነፋስ ሲሄድ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሐል ንቅንቅ አይልም ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስይዝ ነው። ከፊቴ የጫነ ከባድ መኪና ካለ፣ ገና ጠመዝማዛው ሳይጋመስ ቀስቱ ወደ ቀይ ይንፏቀቃል፤ ከእግሬ ሥር ደግሞ የሚወጣው አየር ሱሪ አልፎ ቆዳ ይለበልባል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ቁልቢ ስሄድ ግን ነገሩ ለየለት። ያን ዕለት መንገዱ ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል፤ እግረኛውና መኪናው ተያይዞ እግር በእግር ነው የሚጓዘው። ከፕላስቲኩ መከለያ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ያዩ ምዕመናን "ተቃጠለ!" ብለው ሸሹልን። ባለቤቴ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ "ስለቴ እንዲያውም በእግር ነበር" ብላ አጽናናችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳየሁት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅርና፣ ሞተሩን ሳይነካ ነው ፍርድ የሰጠው። የቴስታው ጋርኒሲዮን (በቴስታውና በሲሊንደሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ይከፈት፤ እስከዚያው ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደውን ቫልቭ፣ አውጥተን እንጣለው አሉኝ። ሞተሩ ቪ ስለሆነ ቴስታው ሁለት ነው። ጋርኒሲዮኑ ከውጭ መምጣት አለበት። የተጠራልኝን ዋጋ እዚህ ብጽፈው ባለቤቴ ታነበዋለች።

ጋሼ ዘንድ የላከኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲሆን፣ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮችን ሲጠግኑ ኖረዋል። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ወርክሾፑ ደግሞ ለትውልድ የሙያ ትምህርት ቤት ሆኗት ቆይቷል። ከጅቡቲ በረሃ ለበረሃ ጭነት ጎትቶ የሚመጣ ሎኮሞቲቭ ከምንም በላይ የሚያሳስበው ውሃውና ራዲያተሩ እንደነበር ጋሼ ሲናገሩ ዓይናቸው ይበራል። እኔ ሎኮሞቲቭን ከሞተር ሳይክል ምን ያገናኘዋል ባይ ነበርኩ። ለእሳቸው ግን ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረጉት ምንም አለማድረግ ነው። "ሞተሩ ግሏል፤ ነገ ጠዋት ሳታስነሳው እየገፋህ አምጣው" አሉኝ። 300 ኪሎ! ደግነቱ ቤቴ ሩቅ አይደለም፣ የሰፈር ልጆችም አልጠፉም።

በማግስቱ ከኒም ዛፋቸው ሥር አቁመን የጎኑን ፕላስቲክ አወለቅን። ጋሼ ቁልፍም ካቻቢቴም ሳያነሱ ወገባቸውን ይዘው ሁለት ነገር ተመለከቱ። ተጠባባቂው የውሃ ዕቃ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሞልቷል። የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ ደግሞ ራዲያተሩ ጎድሏል፤ ጣታቸውን ቢሰዱ ውሃ አልነካም። "አየህ? ውሃው ይወጣል፣ መመለሻ ግን የለውም" አሉና ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ።

ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው። በስፕሪንግ የተያዘው ትልቁ ቫልቭ ግፊቱ ልክ እስኪያልፍ ውሃውን አምቆ ይይዛል፤ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ተጠባባቂው ዕቃ ይለቃል። መሐሉ ላይ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህል ትንሽ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስባለች። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያቺን ትንሽ ቫልቭ ሊያነሷት ሞከሩ፤ በዝገትና በኖራ ተጣብቃ አልነቃነቅ አለች። የትልቁ ቫልቭ ጎማም ደርቆ የራዲያተሩ አንገት ጠርዝ ቀለበት ሠርቶበታል፤ በጥፍር ሲነካ ተቆርሶ ወደቀ።

እዚህ ላይ የከፍታው ነገር ይመጣል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 2,000 ሜትር ስንወጣ፣ ሐሮማያ አካባቢ እንበል፣ በ93 ይፈላል። የሞተሩ ውሃ ግን ጤነኛ ሆኖም ሳለ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈው 1.1 የዚሁ ግፊት ልክ ነው። በደህና ክዳንና በትክክለኛ ኩላንት (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የእኔ ክዳን ግፊት መያዙን ስላቆመ ዳገቱን በወጣሁ ቁጥር የመፍያው ነጥብ ወደ ታች እየወረደ ሲጠብቀኝ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ካዩ በኋላ እንኳ ጋሼ "ተገኘ" አላሉም፤ ያከበርኳቸውም በዚህ ነው። ጋርኒሲዮኑ ደህና መሆኑን ሳያረጋግጡ አልለቀቁኝም። በራሳቸው እጅ የሠሩት፣ የግፊት መለኪያ የተገጠመለት የእጅ ፖምፓ አላቸው። በክዳኑ ፈንታ አንገቱ ላይ ገጥመው አንድ ባር ያህል ግፊት አስገቡና ሻይ አዘዙ። ሻዩ አልቆ ሌላ መጣ፤ ቀስቱ ካለበት ፈቅ አላለም። ከሲሊንደሩም ከውሃ ፖምፓውም የሚያፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው በራዲያተሩ አንገት በኩል አጎንብሰው አረፋ ጠበቁ፤ መጀመሪያ የታመቀው አየር ከወጣ በኋላ ውሃው ጸጥ አለ። የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ቢሆን ኖሮ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ አረፋው ማቆሚያ አይኖረውም ነበር። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውሃ ከዘይት ሲቀላቀል የሚታየው ወተት የመሰለ ነገር አለመኖሩንም አዩ። "ቴስታህ ከእኔ ራስ ይሻላል" ብለው ዘጉት።

ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ቬንትሌተር ግን ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱ ሲደርስ የሚያስነሳውን ማብሪያ አልፈው ሽቦውን በቀጥታ ሲያገናኙት እየተጎተተ ዞረ። መጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ጠርገው ሲመልሱት ንፋሱ የጋሼን ኮፍያ ሊወስድ ደረሰ። የራዲያተሩ ክንፎችም በአቧራና በነፍሳት ተደፍነው ስለነበር ከኋላ ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ውሃ አጠቡት። ከፍተኛ ግፊት ባለው የመኪና ማጠቢያ ክንፎቹን አጣጥፈው የሚያበላሹ ሰዎች እንደሚያናድዷቸው ለብቻው አንድ ሰዓት ተናግረዋል፤ እሱን አሳጥሬላችኋለሁ።

የውሃው ጉዳይ ግን አይታጠርም። ከሞተሩ የወጣው የዛገ ቡናማ ነገር ነበር። የቧንቧ ውሃ እንደነበረበት ሲያውቁ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤት ገብተው የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን አመጡና ውስጡን አሳዩኝ። ግድግዳው ላይ ነጭ ኖራ ተጋግሯል። የድሬን ውሃ የምታውቁ ማንቆርቆሪያችሁን ታውቃላችሁ። ያ ኖራ ቀጫጭኑ የራዲያተር ቱቦና የሲሊንደሩ ዙሪያ ላይ ሲጋገር ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚገባው፤ ለባትሪ የሚሸጠው ማለት ነው። ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል። እሱን ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ይቀላቅላሉ። "ኩላንት ለበረዶ አገር ነው፣ እዚህ ምን ያደርጋል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ አሉሚኒየሙንም ከዝገት ይጠብቃል። ያልተቀላቀለ ንጹሕ ኩላንት መሙላትም ስህተት ነው፤ ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል። ለጃፓን ሞተር ሳይክሎች ሲሊኬት የሚባለው ንጥረ ነገር የሌለበትን ምረጡ፤ ሲሊኬቱ የውሃ ፖምፓውን ማሸጊያ ይበላል። ደግሞም ጣፋጭ መርዝ ነውና መሬት ላይ የፈሰሰውን አጥቡ። ጋሼ አንድ ጠብታ ሲፈስ የጎረቤት ፍየሎችን ያባረሩበት ፍጥነት በዕድሜያቸው የሚጠበቅ አልነበረም።

ቴርሞስታቱን እናውጣው የተባልኩትን ስነግራቸው ሳቁ። በፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው መከፈቱን አሳዩኝና ወደ ቦታው መለሱት። ያለ ቴርሞስታት ሐሮማያ ላይ በጠዋት ብርድ ሞተሩ በልኩ ሳይሞቅ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተሩንም ቶሎ ያሳረጀዋል።

ሻይ ስንጠጣ ስለ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ተጨዋወትን። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ጎልድ ዊንግን ሲያስተዋውቅ 999 ሲሲ ሞተሩን በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን ግን በአየር ጸንቶ ቆይቶ፣ ለ2014 ካወጣቸው የረጅም መንገድ ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ ቴስታውን ብቻ በውሃ አቀዘቀዘ፤ ራዲያተሮቹንም ከአሽከርካሪው እግር ፊት ባሉት መከለያዎች ውስጥ ሸሸጋቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "ብልህ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ የሚግለው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ዙሪያ ነው" አሉ። ያም ሆኖ ሞተሩ በውሃ ቀዘቀዘ ማለት አሽከርካሪው ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ነዳጁ ከሚሰጠው ኃይል ሲሦ ያህሉ በራዲያተሩ በኩል በሙቀትነት ይወጣል፤ ያ የጋለ አየር በግዙፉ ፕላስቲክ መከለያ ተመርቶ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ያ ቦታ የእናንተ እግር ነው። ስለዚህ ወፍራም ሱሪና ጫማ ልበሱ። በሽርጥ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ እግዜር ይጠብቀው።

አዲሱ ክዳን አንገቱም ቁጥሩም ልክ ሆኖ ከተማው ውስጥ ተገኘ፤ ዋጋው ለጋርኒሲዮኑ ከተጠራልኝ አጠገብ የሚቆም አይደለም። ሁሉም ተገጥሞ አየሩ ከወጣ በኋላ የጋሼ ትእዛዝ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ደንገጎን ውጣ። የጫነ ሲኖትራክ ፈልገህ ከኋላው ተለጠፍ፣ እንዳትቀድመው። ማርሽ ቀንስ።" ማርሽ መቀነሱ ለውሃ ፖምፓው ነው፤ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ሞተሩ እያቃሰተ ቀስ ሲል ውሃውም ቀስ ይላል። ሲኖትራክ ማግኘት አላስቸገረኝም። ጭሱን እየዋጥኩ እስከ ላይ ተከተልኩት። ቀስቱ ከመሐል ትንሽ አለፈ፣ ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ቀስቱ ተመለሰ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ። እስከ ሐረር ድረስ እንዲሁ ነው የሄደው። በማግስቱ ጠዋት እንዳዘዙኝ ተጠባባቂውን ዕቃ ሳየው ውሃው ወደ ታችኛው ምልክት ወርዶ ነበር፤ ትንሿ ቫልቭ ሥራዋን ጀምራለች።

ጋሼን የማያውቅ ሰው እንዳይቀየማቸው ጥቂት ልንገራችሁ። ቁጡ ናቸው፤ ካወሩ ደግሞ አያቆሙም። ሥራቸው አይፈጥንም፤ ለነገ የተቀጠረ ብዙ ጊዜ ለተነገ ወዲያ ነው። በጠዋት ሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደ ከተማው ሁሉ እሳቸውም የሉም፣ ከበርጫው ደግሞ ማንም አያስነሳቸውም። ኮምፒውተር የሚጠይቅ የኤሌክትሪክ ብልሽት ይዛችሁ አትሂዱ፤ "አልችልም" ብለው በግልጽ ይመልሷችኋል፣ ይህም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያቸው ከሠሩት ሥራ አንጻር ስለሚያንስ ጨምራችሁ ስጡ፤ በእጃቸው አይቀበሉም፣ ለረዳታቸው ስጡት። ኩላንቱንና የተጣራውን ውሃ ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ እሳቸው ጋ አይገኝም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስልክ ቁጥራቸውን ግን አትጠይቁኝ፤ ቢደወልላቸውም አያነሱም።