ድሬ ላይ «ሴንሰሩ ሞቷል» ከተባላችሁ፣ ቶሎ ኪሳችሁ አትግቡ

ኮመን ሬል ሞተር (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት «ሬል» በሚባል አንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚታደልበት) ያለው የጭነት መኪና የምትነዱም የምታስነዱም፣ ይቺን አንብቧት። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጋራዥ የማያስፈልገኝን የናፍጣ ግፊት ሴንሰር (ሬሉ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ ዕቃ) ሸጦልኛል። ስሙን አልጠራም። ጨዋታው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው የምጽፈው።

መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ነው። ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ግን ጉልበት ያጣል፣ የሞተር መብራት ይበራል። ጋራዥ ገባ፤ ኮምፒውተር ተሰካ፤ ፒ 0087 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ። ሌላ ምንም ሳይነካ «ሴንሰሩ ሞቷል» ተባለ። «ኦሪጅናል» ከዚያው ከመደርደሪያቸው ወርዶ ተገጠመ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቱ ጠፋ። ሂሳብ ተቀበሉ። ደንገጎ ላይ ስንደርስ ያው በሽታ!

ያ ኮድ እኮ ሴንሰር ተበላሸ አይልም። በሬሉ ውስጥ ያለው የናፍጣ ግፊት ከሚፈለገው በታች ወርዷል ነው የሚለው። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ፤ እሱን መቀየር መርዶ ነጋሪውን እንደ መግደል ነው። ግፊት የሚወርደው ፊልትሮ ሲደፈን፣ ቱቦ አየር ሲስብ፣ ፓምፕ ሲደክም ወይም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ወደ ታንከሩ አብዝተው ሲመልሱ ነው። የእኔን ሌላ መካኒክ ሲፈታው ፊልትሮው በቆሻሻ ታፍኗል። ነዳጅ ሲጠፋ ከበርሜል የምንቀዳው ናፍጣ ምን እንደሚይዝ ታውቁታላችሁ። ዳገት ላይ ብቻ መድከሙ ራሱ ፍንጭ ነበር፤ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ የሚፈልገው እዚያ ነው።

የሴንሰሩ ወይም የገመዱ ችግር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፒ 0192 ወይም ፒ 0193 ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይለካ። ይህ ሴንሰር በብዙ መኪና ሦስት ገመድ አለው። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የመኪናው ቁልፍ ተከፍቶ (ሞተር ሳይነሳ)፣ አንዱ ገመድ ላይ 5 ቮልት ገደማ መምጣት አለበት። ካልመጣ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከመኪናው ኮምፒውተር ነው፤ አዲስ ሴንሰር አያድነውም። ይሄ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሳያወጣ «ይቀየር» ለሚል ኤሌክትሪሺያን መኪናችሁን አትስጡ። (ሞተር እየሠራ ሬሉ ላይ ያለ ነገር ማላላት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ግፊቱ ከ1000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል።)

በጣም ያናደደኝ የአሮጌው ነገር ነው። ስጠይቅ «ጥለነዋል» አሉኝ። ደህና ሴንሰር ነበር እኮ! ታጥቦ ለቀጣዩ ደንበኛ «ኦሪጅናል» እንደማይሆን ማን ያውቃል? የተገጠመልኝ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ በጣት ሲታሽ ይለቃል።

ሄጄ ብጮህ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የሰጡኝ ደግሞ ማህተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» ሲሏችሁ እንቢ በሉ። የዕቃው ስምና ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። አሮጌውንም ገና የመፍቻ ቁልፍ ሳይነካው «ይዤው እሄዳለሁ» በሏቸው።