ቀስ ብዬ እንድሮጥ ላስተማሩኝ ጋሼ

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ ላይ ግማሽ ማራቶን ሮጬ በ1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገባሁ። ከ2 ሰዓት በታች መግባት ለሦስት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። ለዚህ ያበቁኝን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ ዕረፍት አይሰጠኝም። ደግሞም የካ አባዶ፣ አያት፣ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ፣ ሰንዳፋ አካባቢ ኖራችሁ «የሚያሠለጥነኝ ሰው ባገኘሁ» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ለእናንተም ነው የምጽፈው።

ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱልኝም። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የሚያሠለጥኗቸው ልጆችም የሚጠሯቸው እንደዚሁ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ በወጣትነታቸው ለክለብ የሮጡ፣ ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ደግሞ በአሮጌ ብስክሌት ከሯጭ ጎን ጎን የሚሄዱ አሰልጣኝ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሰንዳፋ መንገድ የምትመላለሱ ሹፌሮች ሳታዩዋቸው አትቀሩም። አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ፤ ከብስክሌቱ ኋላ በከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ የውሃ ጄሪካን አለ።

እኔ የ38 ዓመት የኬሚስትሪ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሩጫን የወደድኩት በታላቁ ሩጫ ነው። ከትምህርት ቤታችን መምህራን ጋር ቲሸርቱን ለብሰን 10 ኪሎ ሜትሩን ከነዘፈኑና ከነጭፈራው ስንጨርስ እግሬ ገና መሄድ ይፈልግ ነበር። ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል፣ ልሞክር ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ጨረስኩ። ለሁለተኛው አንድ የጂም አሰልጣኝ ይዤ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር፣ በየቀኑ በቻልኩት ፍጥነት ስሮጥ ከረምኩ። በውድድሩ ቀን የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ከነፍኩት። 10ኛውን በ54 ደቂቃ ተኩል ሳልፍ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከ16ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እየተራመድኩ፣ እያነከስኩ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ገባሁ። ያን ሁሉ ለፍቼ ያተረፍኩት ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜና የቅልጥም ሕመም ነበር።

ጋሼን ያገኘኋቸው በዚያ ሕመም ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከለገጣፎ ወጣ ብዬ መንገድ ዳር ተቀምጬ ቅልጥሜን ሳሽ ብስክሌታቸውን አቆሙ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

ነገርኳቸው። ሕመሙን ትተው ስለ ሳምንቴ ይጠይቁኝ ጀመር። ትናንት ምን ሮጥሽ? 10። ሐሙስስ? 10። ረቡዕስ? ያው 10፤ ፍጥነቱም ያው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ እግርሽ የሚሠራው መቼ ነው?» አሉ። አልገባኝም። «ሩጫው ያፈርሰዋል፣ ዕረፍቱ ይሠራዋል። አንቺ ማፍረሱን ብቻ ነው የያዝሽው» አሉኝ። ለሁለት ሳምንት ሩጫ ከልክለው፣ ሐኪም ቅልጥሜን እንዲያይልኝ አዝዘው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል ድምፄን ለዩኝ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሰዓቴን መውሰድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በባሕር ዛፉ መሀል ስንሮጥ «እሱን ወዲህ አምጪው» ብለው ከእጄ አስወልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በብስክሌታቸው ከጎኔ እየሄዱ «ስለ ልጆችሽ አጫውቺኝ» አሉኝ። እያወራሁ ስሮጥ ትንፋሼ ቆረጥ ቆረጥ ሲል «ፈጥነሻል» ይላሉ። ቀነስ አደርጋለሁ፤ አሁንም «ፈጥነሻል»። አረፍተ ነገሬን ሳላቋርጥ መጨረስ እስክችል ድረስ አልለቀቁኝም። በዚያ ወር ስለ ልጆቼ ያልነገርኳቸው ነገር የለም፤ ሲያልቅብኝ ስለ ፔሪዮዲክ ቴብል አስረዳኋቸው። በጥሞና ነው የሰሙኝ፤ ጥያቄም ጠይቀውኛል።

በሳምንት ከምሮጣቸው አራት ቀናት ሦስቱ እንዲህ ያለ የጨዋታ ሩጫ ነበሩ። የምፈጥነው ሐሙስ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰነፍኩ ብዬ ተጨነቅኩ፤ ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን እኔው በሙያዬ የማውቀው ነው። ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ስንቅ ውሱን ነው፤ በፍጥነት ስንሮጥ ሰውነት በብዛት የሚያነደው እሱን ነው፤ ዝግ ስንል የስቡ ድርሻ ይጨምራል። ለወራት ዝግ ብሎ የሮጠ ሰው በስቡ መሥራትን ይለምዳል፤ ልቡም በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይለምዳል። በሁለተኛው ውድድሬ 5ቱን ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ስሮጥ ለ20ኛው ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገኝን ስንቅ ገና በማለዳው እያነደድኩ ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ አልነገሩኝም። «ለማታ ጭምር የያዝሽውን ምሳ ላይ አትጨርሺ» ነው ያሉኝ።

ሐሙስ የሰንዳፋ አስፋልት ቀን ነው። ሜዳማ ስለሆነና ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹ ሯጮች ሳይቀሩ ለፍጥነት ልምምድ የሚመርጡት መንገድ ነው። እዚያ የጋሼ ልጆች አብረውኝ ነበሩ። ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ገና ክለብ ያልገቡ ወጣቶች ናቸው። የሴቶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ «1:02:52» የሚል ቁጥር ተጽፎ አይቻለሁ፤ ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ የግማሽ ማራቶኑን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት ሰዓት ነው። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማለት ነው። ይህን የምታልም ልጅ ናት እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ የራሷን ልምምድ ጨርሳ፣ ላቧ ሳይደርቅ ተመልሳ፣ ለእኔ አሯሯጭ የምትሆነው። ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይዛልኝ ትሄዳለች። ዞር ብላ አይታኝ አታውቅም፤ የእግሬን ኮቴ እየሰማች ብቻ ትክክለኛውን ርቀት ትጠብቅልኛለች። እህቴ፣ እግዚአብሔር የልብሽን መሻት ይስጥሽ።

መሀል ላይ የነቢያት ጾም ገባ። ረጅም ሩጫዬ 16 ኪሎ ሜትር የደረሰበት ጊዜ ስለነበር ፈርቼ ጋሼን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ በሩጫሽ አዛለሁ፤ በጾምሽ የሚያዙት የንስሐ አባትሽ ናቸው» አሉኝ። አባን አነጋገርኩ፤ ከእሳቸው ጋር በተስማማንበት መሠረት ጋሼ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፉልኝ። የቅዳሜውን ሩጫ ሳይነኩ የሐሙሱን ፍጥነት ቀነሱት፤ ከሩጫ መልስ በሶ በማር፣ ማታ ምስርና ሽሮ እንዳላጓድል አሳሰቡኝ። አንድ ጊዜ እንኳ «ጾሙን ተይው» አላሉም። የሌላ እምነት ተከታይ ሯጮቻቸውም ይህንኑ አክብሮት እንደሚያገኙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው የማልረሳው የደሜን ነገር ነው። በስምንተኛው ሳምንት ላይ ደረጃ ስወጣ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። እኔ በሥራ ብዛት አሳበብኩ። እሳቸው ግን የዓይኔን ቆብ ገልጠው አዩና «ዛሬ ሩጫ የለም፣ ሂጂ ተመርመሪ። ሴት ሯጭ ስትደክም መጀመሪያ የሚታየው ደሟ ነው» አሉ። እውነትም የብረት ክምችቴ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ሻይና ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግብ እንዳርቃቸውም ነገረኝ። ምሳ እንደበላሁ ቡና መጠጣት ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ስለሆነ ቀላል አልነበረም። አሁን ቡናዬን የምጠጣው ከበላሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ነው። ሴቶች፣ ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡልኝ። እኔ ድካሙን የስንፍና አድርጌ ራሴን ስወቅስ ነበር የከረምኩት።

ወደ ሐዋሳ ልሄድ ስል ጋሼ ከደብተራቸው ቅጠል ገንጥለው ሦስት መስመር ጻፉልኝ። 5ኛው ኪሎ ሜትር 28:30። 10ኛው 57:00። ከ15 በኋላ የራስሽ ነው። «ሐዋሳ ከእኛ ዝቅ ያለ ነው፤ ትንፋሹ ይቀልሻል፤ መቅለሉ እንዳያታልልሽ። ሙቀቱ ደግሞ ኋላ ላይ ይመጣል» አሉኝ።

እንዳሉት ሆነ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለእኛ ለደገኞቹ አየሩ እንደ ልብ ነው። ሲጀመር ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። እግሬ ሂጂ ሂጂ ይለኛል፤ ወረቀቱን በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩት። 10ኛውን ኪሎ ሜትር ልክ በ57 ደቂቃ አለፍኩ። ካለፈው ውድድሬ በሁለት ደቂቃ ተኩል ዘግይቻለሁ ማለት ነው፤ ልቤ ሊከዳኝ የደረሰው እዚያ ላይ ነው። ጋሼን ባላምናቸው ኖሮ እዚያው እበር ነበር። 15ኛውን በ1 ሰዓት ከ25 ሳልፍ ግን ሒሳቡን ሠራሁት፤ ካለፈው ጊዜ በደቂቃ ተኩል ቀድሜያለሁ፤ ትንፋሼም ያወራል። ያኔ ፀሐዩ በርትቷል፣ ከፊቴ የነበሩት አንድ በአንድ መራመድ ጀምረዋል። እኔ ባለፈው የቆምኩበትን 16ኛውን ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የሐሙሷን አሯሯጬን የጀርባ ልብስ ቀለም ነው፤ እሷ ሐዋሳ አልነበረችም፣ እኔ ግን እየተከተልኳት ነበር።

ገብቼ ውሃ ሳልጠጣ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ!»

«እግርሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«10ኛውን በስንት አለፍሽ?»

«በ57።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። የገባሁበትን ሰዓት የጠየቁኝ ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለምትፈልጓቸው ሰዎች። ልምምዱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሲሆን መነሻው ለገጣፎ አካባቢ ነው፤ ከካራ በታክሲ ይደረሳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ካሉ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ አምስት ደቂቃ ብታረፍዱ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ፤ እኔም ሁለቴ ቀርቼ ተመልሻለሁ። ፕሮግራም በስልክ አይልኩም፤ በእጃቸው ጽፈው ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ ደብተር ያዙ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። በአንድ ወር ክብደት ልቀንስ ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ይህን ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ፣ ወይም እንደ እኔ ተጎድታችሁ ከቆማችሁ ግን እንደ እሳቸው ያለ ታጋሽ ሰው አላየሁም። መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ስለሚበዛ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያስለብሳሉ፤ ሁሌም ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየን በግራ በኩል ነው የምንሮጠው።

ክፍያው እንደየሰው አቅም ስለሆነ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ። እኛ ሠራተኞቹ ከምንከፍለው ላይ ለልጆቹ የታክሲና የበሶ እንደሚሸፍኑ የሰማሁት ከልጆቹ ነው፤ እሳቸው ነግረውኝ አያውቁም። ደህና የሆነ ግን የማትሮጡበት የመሮጫ ጫማ ያላችሁም፣ በተለይ ከ38 እስከ 42 ቁጥር፣ አደርስላችኋለሁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስቀድሜ አስፈቅጃቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እንዳዘዙኝ ይህን ሳምንት ሙሉ አርፌያለሁ። ቅዳሜ በ11 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ።